ጽሞና በዕለት ተዕለት ሕይወት



«ጽሞና» የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን በገዳም የሚኖር መነኩሴን ወይም ሱባዔ የገባ ሰውን እናስባለን። ልጆች የምታሳድግ እናት፣ በሱቁ የሚውል ነጋዴ፣ በእርሻው የሚደክም ገበሬ «ይህ ለእኔ አይደለም» እያለ ይተወዋል። እንዲህ ያለው አሳብ ብዙዎችን ከውስጣዊ ሕይወት ስለሚያርቅ፣ ጽሞና ምን እንደ ሆነ አስቀድመን መረዳት ይገባናል።

ዝምታና ጽሞና አንድ አይደሉም። ዝምታ የአንደበት ነው፤ ጽሞና ግን የልብ ነው። በባልንጀራው ላይ ቂም የያዘ ሰው ቀኑን ሙሉ ዝም ቢልም ውስጡ ገበያ ነው። አበው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉትም ስለዚህ ነው። ጽሞና ማለት ልብ ከቂም፣ ከጭንቀትና ከከንቱ አሳብ ተመልሶ በእግዚአብሔር ፊት ሲያርፍና ሲያዳምጥ ነው።

ይህን ከነቢዩ ኤልያስ ታሪክ እንማራለን (1ኛ ነገ. 19፥1-18)። ኤልያስ የኤልዛቤልን ዛቻ ሸሽቶ ሞትን እስኪመኝ ድረስ ተስፋ ቆርጦ ነበር። እግዚአብሔር አስቀድሞ በእንቅልፍና በምግብ አበረታው። ከዚያም በኮሬብ ተራራ ከነፋሱ፣ ከምድር መናወጡና ከእሳቱ በኋላ በለሆሳስ ድምፅ ተናገረው። ልብ ልንል የሚገባን ግን ቀጥሎ ያለውን ነው፤ እግዚአብሔር ኤልያስን በዋሻው አላስቀረውም፤ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ተልእኮውን እንዲፈጽም ላከው። እንግዲህ እውነተኛ ጽሞና ከሥራ መሸሻ ሳይሆን ለሥራ መታጠቂያ ነው።

በሥራ መካከል በጽሞና መኖር እንደሚቻል ወንድም ሎራን ዘትንሣኤ ምስክር ነው። ይህ የፈረንሳይ ሰው ቀድሞ ወታደር ነበር፤ በጦርነት ቆስሏል። በ1640 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ወደሚገኘው የቀርሜሎሳውያን ገዳም ገባ። ካህን አልሆነም፤ ለብዙ ዓመታት በወጥ ቤት አገለገለ፤ በኋላም የመነኮሳቱን ጫማ ይጠግን ነበር። የወጥ ቤት ሥራ በተፈጥሮው የሚወደው አልነበረም። ነገር ግን ትንሹን ነገር ሁሉ ለእግዚአብሔር ፍቅር ብሎ ማድረግን ስለ ለመደ፣ የሥራ ሰዓቱ ከጸሎት ሰዓቱ የማይለይ ሆነለት። ይህም በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ተጨንቋል። አሳቡ በባዘነ ጊዜ ግን ሳይታወክ ወደ እግዚአብሔር ይመለስ ነበር። በ1691 እ.ኤ.አ. ዐረፈ።

እኛስ ከየት እንጀምር?

1. ማለዳ፦ ጌታችን ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ሄዶ ይጸልይ ነበር (ማር. 1፥35)። እኛም ስልክ ከመንካታችንና ሬዲዮ ከመክፈታችን በፊት ለአምስት ደቂቃ ያህል በፊቱ እንቁም።

2. በሥራ መካከል፦ ምጣዱ እስኪሰማ፣ ታክሲው እስኪመጣ የምንጠብቅባቸው ጥቂት ደቂቃዎች አሉ። በእነዚህ ጊዜያት የኢየሱስን ስም በልባችን እንጥራ።

3. ማታ፦ ቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ በ1548 እ.ኤ.አ. ባጸደቁለት የመንፈሳዊ ልምምድ መጽሐፉ የኅሊና ምርመራን ያስተምራል። ይኸውም ማመስገን፣ ብርሃንን መለመን፣ ውሎን መመርመር፣ ይቅርታ መጠየቅና ለነገ መወሰን ነው።

መንፈሳዊ ዕድገታችንን የምንለካው በጸሎት ጊዜ በሚሰማን ደስታ አይደለም፤ በመንፈስ ቅዱስ ፍሬ ነው (ገላ. 5፥22-23)። ትናንት ያስቆጣን የነበረውን ቃል ዛሬ ታግሠን ካለፍነው፣ በእርግጥ አድገናል።

በተለይ እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን አትዘንጉ። ሁልጊዜ እየተቀዳለት የማይሞላ እንስራ መድረቁ አይቀርም። ሕፃናትም ከምንናገረው ይልቅ የምንኖረውን ያያሉ፤ ጸሎትን የሚማሩት ከሚጸልይ መምህር ነው።

ለውይይት፦
ሀ. በቀናችን ውስጥ ልባችንን ከሁሉ ይልቅ የሚያውከው ምንድር ነው?
ለ. በቤታችን ወይም በሥራችን ለጸሎት ልናውለው የምንችለው የመጠበቂያ ጊዜ የትኛው ነው?

በለሆሳስ ድምፅ የሚናገረው አምላክ የሚሰማ ልብ ይስጠን። አሜን።