የብስክሌት ውድድር ተንታኝን እንዴት እንመዝን?

የቱር ደ ፍራንስ የአንድ ቀን ውድድር ብዙ ጊዜ አራትና አምስት ሰዓት ይፈጃል። ተንታኙ ካላስረዳን የምናየው የሚሽከረከር ጎማ ብቻ ነው። ጥሩ ተንታኝ ሦስት ጥያቄ ይመልሳል፦ ከፊት ሆኖ ነፋሱን የሚጋፈጠው ማን ነው? ከኋላው ተጠግቶ ጉልበቱን የሚቆጥበውስ? ዋናው ቡድን ያመለጡትን ለምን ዝም ብሎ ይለቃቸዋል?

ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 ሦስት ቀን አሸንፎ፣ በነጥብ መሪነት አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። በቱር የአንድ ቀን ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ መሆኑን መናገር ተገቢ ነው። ተንታኙ እዚያ ላይ ካቆመ ግን ማን እንደሆነ እንጂ ምን እንደሠራ አልሰማንም፦ ከቡድን ጓደኞቹ ኋላ መከለሉን፣ ክፍተት መምረጡን፣ የሚፈተለክባትን ቅጽበት መጠበቁን። ችሎታው ካልተብራራ ድሉ ዕድል ይመስላል።

መልመጃ፦ በሚቀጥለው ውድድር የመጨረሻዎቹን 10 ኪሎ ሜትሮች አዳምጡ። ተንታኙ «ለምን?» የሚለውን ስንት ጊዜ መለሰ?