አክሱም ገብታ አዱሊስ ለምን ትቀራለች?

የታሪክ ከተሞችን ለስልጣኔ ግንባታ ጨዋታ ስለ መምረጥ

መነሻ

ከባዶ ሜዳ ተነሥቶ ከተማ መቆርቆር፣ ማረስ፣ መነገድ፣ መዋጋት፣ ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው መሻገር፤ የስልጣኔ ግንባታ ጨዋታ የሚባለው ይኸው ነው። ከዓይነቱ በዓለም ይበልጥ የታወቀው ሲድ ማየር በ1991 ያወጣው «ሲቪላይዜሽን» ነው። ኢትዮጵያ በተከታታዮቹ ደጋግማ ገብታለች፦ በ2007 በዘርዓ ያዕቆብ፣ በ2012 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ2020 በዳግማዊ ምኒልክ መሪነት። በ2025 በወጣው ሰባተኛው ክፍል ደግሞ አክሱም ለብቻዋ እንደ አንድ የጥንት ስልጣኔ ቀርባለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ከተሞቹ ነው። እናንተም አንድ ቀን የራሳችሁን ጨዋታ ልትሠሩ ብትነሡ «የትኞቹን ከተሞች ላስገባ?» የሚለው ጥያቄ ቶሎ ይመጣባችኋል። ብዙ ሰው የሚያስበው በዝና ነው፦ የታወቀ ከተማ ይገባል፣ ያልታወቀ ይቀራል። እኔ የማስተምራችሁ ግን ሌላ መለኪያ ነው፦ ከተማዋ ለምን እዚያ ቦታ ላይ ቆመች? ይህ መልስ ያላት ከተማ ለጨዋታ ትሆናለች፤ መልስ የሌላት ካርታ ላይ የተለጠፈ ስም ብቻ ሆና ትቀራለች።

ስሙ በጨዋታው ውስጥ ምን ይሠራል?

ለእያንዳንዱ ስልጣኔ የከተማ ስሞች ዝርዝር ይዘጋጃል። የመጀመሪያው ስም ዋና ከተማ ይሆናል፤ ተጫዋቹ አዲስ ከተማ በቆረቆረ ቁጥር ከቀሩት ስሞች በተራ ይወጣለታል። ስለዚህ ተራው ራሱ ፍርድ ነው። ሃያኛ ላይ የተጻፈች ከተማ አለች ለማለት ብቻ ያለች ናት፤ አብዛኛው ተጫዋች ሳይደርስባት ጨዋታው ያልቃል።

የ2012ቱን ዝርዝር እንይ። ዋና ከተማዋ አዲስ አበባ ናት። ጨዋታው የሚጀምረው ደግሞ ከክርስቶስ ልደት 4000 ዓመት በፊት ነው! በ1886 ገደማ እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃው አጠገብ ያስጀመሯት ከተማ ፒራሚዶች ሳይሠሩ ትቆረቆራለች ማለት ነው። የኢትዮጵያ ልዩ ሕንፃ ሆኖ የገባው ሐውልት፣ ማለትም የአክሱም ዓይነቱ፣ በመጀመሪያ የሚተከለውም እዚያው አዲስ አበባ ላይ ነው። ሠሪዎቹን አልወቅስም፤ መሪው ኃይለ ሥላሴ ከሆኑ መቀመጫቸው አዲስ አበባ መሆኑ ያስኬዳል። ግን መሪው ከአንድ ዘመን፣ ሕንፃው ከሌላ ዘመን፣ ከተማዋ ከሦስተኛ ሲመጡ ተጫዋቹ ታሪኩን ሳይሆን የቱሪስት ፖስተር ነው የሚያየው።

የባሰም አለ። በዚያው ጨዋታ የቢዛንታይኖች ዋና ከተማ ቁስጥንጥንያ፣ የኦቶማኖች ደግሞ ኢስታንቡል ናት። ሁለቱ ስልጣኔዎች በአንድ ካርታ ላይ ከተገናኙ አንዲት ከተማ በሁለት ስም ከራሷ ጋር ትዋጋለች። እንዲህ ያለውን ነገር ማጥፋት አይቻልም፤ ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

ወደብና ደጋ አብረው ይሄዳሉ

አሁን ወደ መለኪያችን። አክሱም ለምን እዚያ ቆመች? መልሱ ግማሹ ባሕሩ ዳር ነው። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መግለጫ መንገዱን በቀን ይቆጥረዋል፦ ከአዱሊስ ወደብ የዝሆን ጥርስ ገበያ እስከነበረችው ቆሎኤ ሦስት ቀን፣ ከዚያ እስከ አክሱም አምስት ቀን። በስምንት ቀን መንገድ የዝሆን ጥርሱ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ጨርቁ፣ ብርጭቆው፣ ወይኑ ወደ ደጋ ይወጣል። አክሱም የራሷን ወርቅና ብር ገንዘብ መምታት የቻለችው፣ ርዝመቱ 33 ሜትር የሚደርስ ሐውልት ከአንድ ድንጋይ ያስጠረበችው በዚህ ንግድ ላይ ቆማ ነው። በሰባተኛው መቶ ዓመት የቀይ ባሕር ንግድ ከእጇ ሲወጣ ከተማዋም ደከመች።

ስለዚህ አክሱምን አስገብቶ አዱሊስን መተው ስህተት ነው እላለሁ። ጨዋታው ውስጥ ሁለቱ በመንገድ መታሰር አለባቸው፦ ወደቡ ሲያዝ የደጋው ግምጃ ቤት ይራቆት። ይህን አንድ ሕግ ብታስገቡ ተጫዋቹ የአክሱምን ውድቀት ማንም ሳይነግረው በገዛ እጁ ይማረዋል።

ይህ ጥምረት በአገሩ ታሪክ ውስጥ ይደጋገማል። ጎንደር በምጽዋ፣ ሐረር በዘይላ፣ አዲስ አበባ በጅቡቲ ይተነፍሱ ነበር። ድሬዳዋን ውሰዱ፦ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላቃተው በ1902 እግሩ ሥር ቆመ፤ በቆመበት ከተማ በቀለ። የድሬዳዋ «ለምን እዚያ?» በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመለሳል። በጨዋታው ውስጥ ባቡር ሳይፈለሰፍ ድሬዳዋ መታየት የለባትም።

«አዱሊስ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ናት፤ እንዴት በኢትዮጵያ ዝርዝር ትገባለች?» የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። የዛሬ ድንበር ለአንደኛው መቶ ዓመት አይሠራም። ስልጣኔውን «አክሱም» ካላችሁት አዱሊስ ያለ ክርክር ትገባለች። «ኢትዮጵያ» ካላችሁት ግን የዛሬ መንግሥት ስም ጠርታችኋልና ክርክሩን ራሳችሁ ጋብዛችሁታል። የሰባተኛው ክፍል ሠሪዎች አክሱምን ለብቻዋ ማውጣታቸው በዚህ በኩል ብልህነት ነው። ጨዋታው ሲወጣ ግን ከአክሱም ቀጥሎ በኋለኞቹ ዘመናት የሚመረጥ የኢትዮጵያ ስልጣኔ አልነበረውም።

ዋና ከተማው ድንኳን ሲሆን

ከሁሉ የሚከብደውም የሚጣፍጠውም እዚህ ጋ ነው። ከ1270 ጀምሮ እስከ 1636 ድረስ ባለው ዘመን ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ የኖሩት በሰፈር፣ በድንኳን ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ላይ ለዓመታት ረግተው ተቀምጠው ነበር፤ ያ ግን ከልማዱ የወጣ ነው። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ በሰፊው ጽፏል። በሺዎች የሚቆጠር ድንኳን፣ የንጉሡ በመሀል፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ የፍርዱ ድንኳን፣ ገበያው፣ የመኳንንቱ ቦታ በቀኝና በግራ፤ ሰፈሩ የትም ይተከል የት ሁሉም ቦታውን ያውቃል። ትናንት የነበረው ከተማ ነገ ሌላ ሜዳ ላይ እንደነበረ ይቆማል።

ለምን ይንቀሳቀሱ ነበር? ያን ያህል ሕዝብና ከብት አንድ ቦታ ላይ ሲቆይ እህሉ ያልቃል፣ ማገዶው ይመነጠራል። ንጉሡም ያልታየበት አውራጃ ግብር ማዘግየት፣ ብሎም ማመፅ ይጀምራል። እንግዲህ ይህን ዘመን የሚወክል ከተማ ስትፈልጉ ምን ትጽፋላችሁ? በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በቬኒስ የተሠራው የፍራ ማውሮ ካርታ በረራ የምትባል የሸዋ ከተማ ያሳያል። በትክክል የት እንደነበረች ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከራሉ፤ ከአዲስ አበባ ዙሪያ አትርቅም የሚሉ አሉ።

የእኔ ምክር፦ ለዚህ ዘመን ስም አትፈልጉ፤ ሕግ ፍጠሩ። በ2021 የወጣው «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 4» ሞንጎሎች ሕንፃዎቻቸውን ነቅለው እንዲጓዙ ስለሚፈቅድ ነገሩ የሚቻል ነው። ሰፈሩ ባረፈበት ዙሪያ ያለው እንጨትና እህል በየዙሩ ይቀንስ፤ ባረፈበት አውራጃ ግብሩ ይጨምር፤ በራቀበት ታማኝነት ይላላ። የ2012ቱ ጨዋታ ወደዚህ ጠጋ ብሎ ነበር፦ የኢትዮጵያ ልዩ ጦር የሆነው መሀል ሰፋሪ ወደ ዋና ከተማው በቀረበ መጠን ይበረታል። ዋና ከተማው መራመድ ቢችል ኖሮ ያ ጦር እውነተኛ መሀል ሰፋሪ ይሆን ነበር።

ከዚያ ተጫዋቹ «መቼ ልቁም?» ብሎ ይጨነቃል። ፋሲለደስ በ1636 ጎንደር ላይ ቆሙ። የጎንደር ግንብ የሚታወቅ ነው፤ ለጨዋታ ግን ከግንቡ ይልቅ ሰፈሮቿ ይጠቅማሉ። የነጋዴ ሙስሊሞች ሰፈር፣ የካህናት ሰፈር፣ አንጥረኛና ግንበኛ ቤተ እስራኤሎች፤ አንዱ ሲነሣ የከተማዋ አንድ ሥራ ይቆማል።

አዲስ አበባም ቆማ የቀረችው በቀላሉ አይደለም። ማገዶ ስላለቀ ምኒልክ በ1900 ገደማ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለምን አዲስ መቀመጫ ሊያደርጓት ሥራ አስጀምረው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ እያደገ ማገዶውን ሸፈነ፤ ከተማዋ ሳትነሣ ቀረች። በጨዋታው ውስጥ ባሕር ዛፍን እንደ አንድ የዕውቀት ግኝት ብታስገቡ ያስቃል፤ ግን ሙሉ በሙሉ ያስኬዳል።

ጦር ሜዳና አምባ

አድዋ ይግባ የሚል ብዙ ነው። አድዋ የቆየች የንግድ ከተማ ስለሆነች በራሷ መብት መግባት ትችላለች፤ በ1896ቱ ድል ብቻ ከሆነ ግን ድል ከተማ አይደለም። የ2012ቱ ጨዋታ አድዋን የሕዝቡ ችሎታ አድርጎ ነው ያገባው፦ ኢትዮጵያ ከእሷ የበለጠ ከተማ ያለውን ኃይል ስትዋጋ ጉልበት ይጨመርላታል። ይህ የተዋጣለት ነው። መቅደላም በከተማ ዝርዝር አትገባም፤ እሷ የአምባ ምሽግ እንጂ የነጋዴ ከተማ አይደለችም።

ርቀትንም አትርሱ። በአምስተኛውና በስድስተኛው «ሲቪላይዜሽን» በሁለት ከተሞች መካከል ቢያንስ ሦስት ባለ ስድስት ጎን መሬት መኖር አለበት። የዓለም ካርታ ላይ ከተጫወታችሁ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራራቁት አክሱምና አድዋ አብረው አይቆሙም። ይሓም ከአድዋ አጠገብ ናት። ከሦስቱ አንዷን መምረጥ ግድ ነው።

ሐረር የማን ናት?

በእነዚሁ የ«ሲቪላይዜሽን» ክፍሎች ውስጥ የማንም ስልጣኔ አካል ያልሆኑ ነጻ ከተሞች አሉ፤ ዛንዚባር፣ ጄኔቫ፣ ኢየሩሳሌም እንዲህ ገብተዋል። ተጫዋቹ ይነግድባቸዋል፣ ይወዳጃቸዋል ወይም ይወጋቸዋል። በእኔ ፍርድ ሐረር መግባት ያለባት በዚህ መልክ ነው። አሚር ኑር በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ያሠራው የጀጎል ግንብ፣ አምስቱ በሮች፣ የራሷ ገንዘብ፣ የራሷ ቋንቋ፣ በግንቡ ውስጥ በዩኔስኮ የተመዘገቡት 82 መስጊዶች፤ ይህ ሁሉ የአንድ ሙሉ መንግሥት ምልክት ነው። በ1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በምኒልክ እጅ እስክትገባ ድረስ አሚር ነበራት። በኢትዮጵያ ዝርዝር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አድርጎ መጻፍ ይህን ሁሉ ይሰርዛል።

ወደ ደቡብም እዩ

ተማሪዎች ዝርዝር ሲያወጡ ከሸዋ በታች አይወርዱም። ሥርዓተ ትምህርታችን ያሳደረብን ልማድ ነው። የጅማው አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ላይ፣ ትልቁ ገበያ ሂርማታ ላይ፤ ቡናው፣ የሲራራ ነጋዴው ሁሉ ማረፊያው እዚያ ነበር። ጅማ ለምኒልክ ገብራ የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ቆይታለች። ቦንጋ የከፋ መንግሥት አገር ናት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጨኝ ኮንሶ ነው። የኮንሶ መንደሮች ያለ ጭቃ በተካበ ድንጋይ የታጠሩ ናቸው። ሕዝቡ ሲበዛና አጥሩ ሲጠብ ከውጭ ሌላ አጥር ይታጠራል፤ አንዳንዱ መንደር እስከ ስድስት ዙር ግንብ አለው። ግንቡን ቆጥሮ የመንደሩን ዕድገት ማንበብ ይቻላል። ከተማ ሲያድግ በዓይን እንዲታይ ለሚደክም የጨዋታ ሠሪ ከዚህ የተሻለ ሥዕል ከየት ይመጣል? ተዳፋቱን የያዘው እርከንም የምርት ሕግ ይሆናል፦ እርከኑ ካልተጠገነ አፈሩ ይሄዳል።

መልመጃ

በእኔ ዝርዝር የአክሱም ስልጣኔ አክሱም፣ አዱሊስና ቆሎኤን ይይዛል። የኋለኛው ኢትዮጵያ ተንቀሳቃሹን ሰፈር፣ ላሊበላን፣ ጎንደርን፣ ጅማን፣ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ይዞ ይነሣል። ሐረርና ዘይላ ነጻ ከተሞች ናቸው። ኮንሶን የት እንደማስገባ አልወሰንኩም፤ እሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

እያንዳንዳችሁ አሥር ከተማ መርጣችሁ በተራ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ከተማዋ ለምን እዚያ እንደቆመች በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በጨዋታው ውስጥ ይህ ምን ሕግ እንደሚሆን በሌላ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያቃታችሁን ከተማ ሰርዛችሁ በሌላ ተኩ፤ የተወለዳችሁባት ብትሆንም።