አሜሪካ ውስጥ የሚታመን የዕዳ አማካሪ ለመምረጥ

በአራት ክሬዲት ካርድ 18,600 ዶላር ዕዳ ነበረብኝ። በየወሩ ሚኒመሙን እየከፈልኩ ሁለት ዓመት ብገፋም ዕዳው ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ ነው አማካሪ ድርጅት የፈለግሁት። የመጀመሪያው ይበልጥ ዕዳ ውስጥ ከተተኝ፤ ሁለተኛው በአራት ዓመት ተኩል አወጣኝ። የሁለቱን ልዩነት ከመፈረሜ በፊት ማወቅ እችል ነበር። እርስዎ ግን ሳይፈርሙ እንዲያውቁት ብዬ ጻፍኩት።

1. የድርጅቱን ዓይነት ይለዩ።

የክሬዲት ምክር ድርጅት ገቢና ወጪዎን አይቶ ይመክርዎታል፤ ካስፈለገም የዕዳ አከፋፈል ፕላን ያወጣልዎታል። በፕላኑ መሠረት እርስዎ በወር አንዴ ለድርጅቱ ይከፍላሉ፣ ድርጅቱ ለባንኮቹ ያከፋፍላል፣ ባንኮቹም ወለድ ይቀንሳሉ። ዋናው ዕዳ ግን አይቀነስም። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይፈጃል፤ ካርዶቹም አብዛኛውን ጊዜ ይዘጋሉ።

«ዕዳዎን በግማሽ እናስጨርሳለን» የሚልዎ ሌላ ነው፤ እሱ ዕዳ ተደራዳሪ ነው። ለባንኮቹ መክፈል አቁመው ገንዘብ እንዲያጠራቅሙ ይነግርዎታል። እስኪደራደር ድረስ ቅጣትና ወለድ ይቆለላል፣ ባንኩም ሊከስዎ ይችላል። ቢሳካ እንኳ የተሰረዘልዎ ዕዳ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ በ1099-ሲ ፎርም እንደ ገቢ ተመዝግቦ ታክስ ሊያስከፍልዎ ይችላል። በስልክ የሚሸጡ እንዲህ ዓይነት ኩባንያዎች ዕዳውን ሳያስተካክሉ ክፍያ እንዳይቀበሉ የፌዴራል ደንብ ከ2010 ጀምሮ ከልክሏቸዋል። አስቀድሞ ገንዘብ የጠየቀዎት ካለ ስልኩን ይዝጉበት።

2. ስም ከታወቀ ዝርዝር ይውሰዱ።

በ1951 የተመሠረተው ብሔራዊ የክሬዲት ምክር ፋውንዴሽን፣ ኤንኤፍሲሲ የሚባለው፣ የአባል ድርጅቶቹን ዝርዝር ይሰጣል። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዩኤስ ትረስቲ ፕሮግራምም የራሱ ዝርዝር አለው፤ በ2005 የወጣው ሕግ ባንክራፕሲ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ምክር እንዲወስድ ስለሚያስገድድ፣ ይህን ምክር የሚሰጡትን ድርጅቶች የሚያጸድቀው እሱ ነው። እኔ የምመርጠው ስሙ በሁለቱም ዝርዝር ያለውን ነው። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የሚኖሩ ከሆነ ድርጅቱ የስቴቱ ፈቃድ እንዳለውም ያረጋግጡ።

«ለትርፍ ያልቆምን ነን» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በ2003 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሜሪላንድ፣ ጀርመንታውን የነበረውን አሜሪዴት የተባለ ድርጅት ከሷል። ለትርፍ ያልቆመ ነኝ እያለ የደንበኞቹን የመጀመሪያ ክፍያ «የበጎ ፈቃድ መዋጮ» በሚል ለራሱ ያስቀር ነበር የሚል ነው ክሱ።

3. በመጀመሪያው ቀጠሮ ሁሉንም ይናገሩ።

ደህና አማካሪ አንድ ሰዓት ያህል ወስዶ ስለ ኑሮዎ ይጠይቃል፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ፕላን የሚያቀርብ አይሆንዎትም። የእቁቡን፣ የእድሩን፣ ለእናትዎ በየወሩ የሚልኩትንም አይደብቁ። ሳይቆጠር የቀረ ወጪ በኋላ ክፍያ ያስዘልልዎታል፤ ክፍያ ሲዘለል ደግሞ ባንኩ የቀነሰውን ወለድ ሊመልሰው ይችላል። ክፍያቸውን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ገቢዎ አነስተኛ ከሆነ እንዲቀንሱልዎ ይንገሯቸው፣ እንግሊዝኛው ከከበደዎ አስተርጓሚ ያስመጡ።

4. እያንዳንዱ ባንክ «እሺ» እስኪል መክፈል አያቁሙ።

እኔ የወደቅሁት እዚህ ላይ ነው። እባክዎ ረጋ ብለው ያንብቡት።

የመጀመሪያው ድርጅት ሠራተኛ አማርኛ ይናገር ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ለካርዶቹ እንዳይከፍሉ፤ ሁሉንም እኛ ተረክበናል» አለኝ። በገዛ ቋንቋዬ ስለተነገረኝ አልተጠራጠርኩም። ፈረምኩ፣ 430 ዶላር ላክሁ፣ ለካርዶቹ መክፈል አቆምኩ። ሁለተኛው ወር ሲያልቅ ከሁለት ባንኮች ማስጠንቀቂያ መጣ። ስደውል አንደኛው ፕላኑን አልቀበልም ብሏል፤ ሌላኛው ጭራሽ የደረሰው ነገር የለም። የላክሁትም 430 ዶላር ማስጀመሪያ ተብሎ ድርጅቱ ጋ ቀርቷል፤ ኮንትራቱ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር። የአንዱ ካርድ ወለድ 29.99 በመቶ ገባ። ከ30 ቀን በላይ የዘገየ ክፍያ ደግሞ በክሬዲት ሪፖርት ላይ እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል።

ከድርጅቱ ጋር ሲፈርሙ ከባንኩ ጋር ያለዎት ውል አይነካም። ባንኩ ፕላኑን የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ እስኪቀበል ድረስ ክፍያውን በቀኑ ከእርስዎ ይጠብቃል። ስለዚህ ሚኒመሙን ይክፈሉ፤ ቢጨንቅዎም ይክፈሉ።

ከዚያ በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ለእያንዳንዱ ባንክ ራስዎ ይደውሉ። ፕላኑን ተቀብላችኋል? ከየትኛው ቀን ጀምሮ? ወለዱ ስንት ሆነ? ወርሃዊው ስንት ነው? ያነጋገሩትን ሰው ስምና ቀኑን ይጻፉ፣ ማረጋገጫውን በጽሑፍ ይጠይቁ። እኔ ለእያንዳንዱ ባንክ አንድ ገጽ ከፍቼ ነበር። ድርጅቱ ከእርስዎ የሚቀበልበት ቀንም ከባንኩ ቀን በቂ ጊዜ ቀድሞ መሆኑን ይመልከቱ። ከተጀመረም በኋላ ገንዘቡ መግባቱን በየወሩ ከስቴትመንቱ ላይ ይዩ፤ የድርጅቱን ቃል ብቻ አይመኑ።

አንድ አቋራጭ ላካፍልዎ፦ ወደ አማካሪ ከመሄድዎ በፊት ባንኩን «ችግር ለገጠመው ደንበኛ ፕሮግራም አላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ለእኔ አንደኛው ባንክ ያለ ማንም አማላጅ ወለዴን ቀንሶልኛል።

ድርጅት ለመለየት ጊዜ ካጠረዎት ደግሞ ይህን አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ለካርዶቹ መክፈል የማቆመው መቼ ነው?» የመጀመሪያው ድርጅት «ዛሬ» ብሎኝ ነበር። የሁለተኛው ድርጅት አማካሪ ግን ገና ሳልጠይቃት፣ «ባንኮቹ በጽሑፍ እስኪመልሱ ሚኒመሙን እንዳያቋርጡ» አለችኝ። የፈረምኩትም እሷ ዘንድ ነው።