ጥፋቱ የድረ ገጹ ነው ወይስ የስክሪኑ?

የዛሬው የኮምፒውተር ትምህርታችን ብዙዎቻችሁ በትምህርት ቤት ላብራቶሪ ወይም በኢንተርኔት ካፌ የሚገጥማችሁን ችግር ይመለከታል። ድረ ገጽ ትከፍታላችሁ፤ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። ወይም ገጹ ከስክሪኑ ያልፍና የዓረፍተ ነገሩ ግማሽ በቀኝ በኩል ተቆርጦ ይቀራል።

ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ተሰጥቷል። አንድ ተማሪ ትምህርቱን ጥንቅቅ አድርጎ ቢያውቅ እንኳ የግራፉ ግማሽ ካልታየው ምን ይጠቅመዋል?

ሪዞሉሽን ምንድን ነው?

ስክሪን የተሠራው ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። ሪዞሉሽን ማለት የነጥቦቹ ብዛት ነው። 800 በ600 ሲባል በአግድም 800፣ በቁም 600፣ በጠቅላላው 480,000 ነጥብ ማለት ነው። 1366 በ768 ደግሞ ከ1 ሚሊዮን ነጥብ በላይ ይሆናል። ነጥቡ ሲበዛ ስክሪኑ ብዙ ነገር ይይዛል፤ ፊደሉ ግን ያንሳል። ነጥቡ ሲቀንስ ፊደሉ ይተልቃል፤ ገጹ ግን ቦታ አይበቃውም።

“እንግዲያው ፊደሉ እንዲተልቅ ሪዞሉሽኑን ልቀንሰው?” ትሉ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፤ ግን አያዋጣም። ከኋላቸው ትልቅ ጉብ ባለባቸው የድሮ ስክሪኖች ያስኬድ ነበር። የዛሬዎቹ ጠፍጣፋ ስክሪኖች ግን ከፋብሪካ ሲወጡ የነጥባቸው ቁጥር የተወሰነ ነው። ከዚያ ዝቅ ስታደርጉት ፊደሉ ይተልቅና ይደበዝዛል። ለማንበብ ስትታገሉ ዓይናችሁ ይደክማል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

1. ሪዞሉሽኑን ወደ ቦታው መልሱ። በዊንዶውስ 10 እና 11 ዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና “ዲስፕሌይ ሴቲንግስ” የሚለውን ክፈቱ። ከሪዞሉሽኖቹ ዝርዝር “ሪኮመንድድ” የሚል የተጻፈበትን ምረጡ። ስክሪኑ ድንገት ቢጨልም አትደንግጡ። ለውጡን ካላጸደቃችሁት ከ15 ሴኮንድ በኋላ ራሱ ይመለሳል።

2. ፊደሉን በብራውዘሩ አተልቁ። በክሮም፣ በፋየርፎክስም ሆነ በኤጅ “ኮንትሮል”ን ይዛችሁ የመደመር ምልክቱን ተጫኑ፤ ገጹ ይተልቃል። በመቀነስ ምልክቱ ያንሳል፤ በዜሮ ወደ 100 በመቶ ይመለሳል። ቦታ ከጠበባችሁ “ኤፍ 11”ን ስትጫኑ ገጹ ሙሉውን ስክሪን ይይዛል፤ ደግማችሁ ስትጫኑት ይመለሳል። ገጹ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነገር ካነሰባችሁ እዚያው “ዲስፕሌይ ሴቲንግስ” ውስጥ “ስኬል” የሚለውን 125 በመቶ አድርጉት።

3. ብራውዘሩ አርጅቶ እንደሆነ እዩ። ማይክሮሶፍት ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ2022 አቁሟል። በዚህ ዓይነት አሮጌ ብራውዘር አዲስ ድረ ገጽ ሲከፈት ጽሑፉና ሥዕሉ ሊደራረብ ይችላል። እዚህ ላይ መፍትሔው አዲስ ብራውዘር መጫን ነው።

4. በአማርኛ ፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ከመጣባችሁ ጥፋቱ የሪዞሉሽን አይደለም። ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት የለውም ማለት ነው። ፊደላችን ዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ደግሞ “ኒያላ” የሚባለው ፎንት መጣ። ፎንቱ ለሌለው ኮምፒውተር “አቢሲኒካ”ን ወይም “ኖቶ”ን የመሰለ ነጻ የግዕዝ ፎንት መጫን ይቻላል።

አደራ!

የላብራቶሪው ኮምፒውተር የጋራ ነው። ሴቲንግ ከመንካታችሁ በፊት መምህራችሁን አስፈቅዱ፤ ስትጨርሱም እንደነበረ መልሱት። ፈተና ላይ ከሆናችሁ ግን ምንም ሳትነካኩ፣ ሰዓቱ ሳይሄድባችሁ፣ እጃችሁን አውጥታችሁ ለፈታኙ ንገሩ። ሙሉ ጥያቄውን ማየት መብታችሁ ነው፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

ራሳችሁን ፈትኑ

ሀ. 1024 በ768 ስንት ነጥብ ነው?
ለ. ፊደሉ ጥርት ብሎ ግን ቢያንስባችሁ ምን ትነካላችሁ?
ሐ. ፊደሉ ትልቅ ሆኖ ቢደበዝዝስ?

መልስ፦ ሀ. 786,432። ለ. “ኮንትሮል” እና የመደመር ምልክቱን። ሐ. ሪዞሉሽኑ ዝቅ ብሎ ይሆናልና “ሪኮመንድድ” ወደሚለው መልሱት።