የተጐዳ የብስክሌት ቸርኬ በቤት ውስጥ ስለ ማቃናት

ብስክሌቱ ጕድጓድ ገብቶ ቸርኬው የተጣመመበት ተማሪ ከጓደኞቹ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰጠዋል። አንደኛው «ጥለህ ሌላ ግዛ» ይለዋል፤ ሁለተኛው ድንጋይ አንሥቶ ሊቀጠቅጥለት ይነሣል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም።

አስቀድሞ ቸርኬው ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው፤ ካልያዘው ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ብረት ተጣሞ ሲቃና ይታገሣል፤ አሉሚኒየም ግን ወዲያና ወዲህ በተመለሰ ቍጥር እየደከመ ሄዶ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጎማውንና ካላማዳሪውን አውልቀን የራጂዎቹን ቀዳዳዎችና የቸርኬውን ከንፈር በደኅና ብርሃን እንመርምር። ስንጥቅ ከተገኘ ነገሩ በዚያው አበቃ፤ የተሰነጠቀ ቸርኬ አይጠገንም። ከእንጦጦ ወደ ስድስት ኪሎ ቍልቍል ሲወርዱ፣ ፍሬን በተያዘ ጊዜ የፊቱ ቸርኬ ቢከፈት፣ ስንት ጥርስ እንደሚተርፍ መገመት አያዳግትም።

ከንፈሩ ብቻ ወደ ውጭ ተገፍቶ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ በሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች መካከል አድርጎ በሞርሳ ወይም በትልቅ ፒንሳ ቀስ በቀስ መጭመቅ ነው።

የሚያስቸግረው ቸርኬው ወደ መካከል የገባ እንደ ሆነ ነው። ራጂ ይስባል እንጂ አይገፋም፤ እንግዲህ ራጂ በማጥበቅ የገባውን ማውጣት አይቻልም፤ እንዲያውም ያብሰዋል። (ራጂ ከኢጣልያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ጨረር ነው፤ ሐኪም ቤት የምንነሣው ራጅም የእርሱ ወንድም ነው። የቋንቋ ተማሪዎች ስለ ሆንን ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ አልሆነልንም።) በተጐዳው ስፍራ ያሉትን ራጂዎች አላልተን፣ ከጕዳቱ ግራና ቀኝ ያለውን የቸርኬ ክፍል በሁለት እንጨቶች ላይ አስደግፈን፣ በራጂዎቹ መካከል ሌላ እንጨት አግብተን ከውስጥ ወደ ውጭ በመዶሻ እንምታ። ከአንድ ኀይለኛ ምት ብዙ ትንንሽ ምት ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ብስክሌቱን ገልብጠን ባዶውን ቸርኬ ወደ ስፍራው እንመልስ። ሹካው ላይ የክብሪት እንጨት በፕላስተር ለጥፈን ጫፉን ወደ ቸርኬው ጎን አስጠግተን ስናዞር፣ የሚነካበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት እናድርግ። ቸርኬው ወደ ቀኝ ካዘነበለ፣ በዚያ ስፍራ ከግራ የሚመጡትን ራጂዎች ማጥበቅ፣ የቀኞቹን በዚያው ልክ ማላላት ነው፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይበልጥ። ማጥበቂያው ጎማው ከሚቀመጥበት ከውጭ በኩል ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ዞሮ ይጠብቃል፤ ከመካከል ሆኖ ለሚያየው ሰው ግን ተቃራኒ ነው። ብዙ ደኅና ቸርኬ የተበላሸው በዚህ ነው።

በአንድ ጎን ያሉትን ራጂዎች እንደ ክራር ጅማት በጣት መታ መታ ብናደርግ፣ ወፍራም ድምፅ የሚሰጠው የላላው ነው። ውልግድግዱ ከ1 ወይም ከ2 ሚሊሜትር ካልበለጠ ፍሬኑ አይዘውም። ከማጥበቂያው አልፎ የወጣ የራጂ ጫፍ ካለ በሞረድ ይስተካከል፤ አለዚያ ካላማዳሪውን ይወጋል። ጎማው ከተነፋ በኋላ የመጀመሪያው ጕዞ በሜዳ ላይ በዝግታ ይሁን፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ራጂዎቹን እንደ ገና በጣት መሞከር ያሻል።