ስለ ጂኦሜትሪያዊ የፊደል ቅርጽና በታፔላ በጆንያም ላይ ስላለው ጥቅም

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ በጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ውስጥ ስለሚያልፍ፣ የሱቅ ታፔላ የሚያነበው በእግሩ የሚሄደው ደንበኛ ብቻ ሳይሆን በመኪና የሚያልፈው መንገደኛም ነው። እንግዲህ ታፔላ የሚያጽፍ ወይም ጆንያ የሚያስጽፍ ነጋዴ ሁሉ ስለ ፊደል ቅርጽ ጥቂት ማወቅ ይገባዋል።

ብዙ ጊዜ «ዘመናዊ ፊደል» ተብሎ የሚታዘዘው በኮምፓስና በማስመሪያ የተነደፈ የሚመስለው፣ ውፍረቱ በሁሉም ስፍራ እኩል የሆነው፣ በጫፉም ጌጥ የሌለበት ቅርጽ ነው። የዚህ ወገን ታላቅ አብነት ፓውል ሬነር የተባለ ጀርመናዊ የነደፈው ፉቱራ ሲሆን፣ በፍራንክፈርት የነበረው የባወር የፊደል ፋብሪካ በ1927 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቅርቦታል። አፖሎ 11 በ1969 እ.ኤ.አ. በጨረቃ ላይ ትቶት የመጣው ሰሌዳ በዚሁ ፊደል የተጻፈ ነው። ለአጭርና ለትልቅ ጽሑፍ እጅግ ያምራል። ይሁን እንጂ ትንሹ የላቲን «ኤ» በፉቱራ ክብና አንድ ዘንግ ብቻ ስለ ሆነ ከሩቅ ከ«ኦ» ጋር ይምታታል። አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አናባቢዎቹ እየተደረቡ ስለሚመጡ፣ ይህ ጉድለት በአካባቢያችን ታፔላ ላይ ይበረታል። ስሙን በትልልቆቹ የላቲን ፊደላት ማስጻፍ መድኃኒቱ ነው።

የእኛ ፊደል ጠባዩ ሌላ ነው። ወፍራምና ቀጭን መስመሩን ያገኘው ከመቃ ብዕር ነው። ዐ ያለ ችግር ሙሉ ክብ ይሆናል፤ ብዙዎቹ ፊደላት ግን ድምፃቸውን የሚለውጡት በትንሽ ቅጥያ ነው። ባ በረጅም የቀኝ እግሩ፣ ቦ በረጅም የግራ እግሩ ይታወቃሉ። ነዳፊው ለውበት ሲል እግሮቹን ካስተካከላቸው ለባሌ የታሰበው ዕቃ ቦሌ ይራገፋል! የመመለሻውን ኪራይ የሚከፍለው ደግሞ ጸሐፊው ሳይሆን ባለ ዕቃው ነው። የቤ ቀለበትም በቀለም ከተደፈነ ከቢ አይለይም፤ «ቤት» የማይጻፍበት ታፔላ ደግሞ ጥቂት ነው።

በጆንያ ላይ ግን እኩል ውፍረት ያለው ፊደል ብልጫ አለው፤ ቀጭን መስመር በሻካራ ቃጫ ላይ ይጠፋልና። ከሂርና፣ ከበደሳና ከገለምሶ አካባቢ ተሰብስቦ ወደ ውጭ በሚላክ ቡና ጆንያ ላይ፣ በዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ሥርዓት መሠረት፣ አገሩን፣ ላኪውንና የጭነቱን ተራ የሚያመለክት ቁጥር ይሰፍራል። ይህን በቆርቆሮ ቅድ የሚያትም ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ ወ፣ መ፣ ዐ፣ እንዲሁም 0፣ 6 እና 8 መካከላቸው የተዘጋ ስለ ሆነ ሲቀደዱ ውስጣቸው ተቆርጦ ይወድቃል፤ ስለዚህ ቀጭን ድልድይ ሊተውላቸው ያስፈልጋል።

ለወረቀትና ለኮምፒዩተር ሥራ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው ያለ ዋጋ የሚገኝ ፊደል ይበቃል። ታፔላ ግን ከመሰቀሉ በፊት ንድፉ በወረቀት ወጥቶ፣ የሱቁን ስም ለማያውቅ ሰው ከመንገዱ ማዶ ይነበብለት፤ ቀሪው ክፍያም ከዚያ በኋላ ይሁን።