ሠንጠረዡን ለመጨረሻ አቆዪው፦ ለእህቴ ልጅ ስለ ፖሊኖሚያል ግራፍ

ልጄ፣ አሥረኛ ክፍል ገብተሽ ፖሊኖሚያል ፈንክሽን እንደጀመራችሁ እናትሽ ነግራኛለች። ግራፍ ሥሪ ስትባይ ምን እንደምታደርጊ እገምታለሁ፤ ከ−2 እስከ 2 ያሉትን ቁጥሮች አስገብተሽ ሠንጠረዥ ትሞያለሽ፣ አምስት ነጥብ ታስቀምጫለሽ፣ ታገናኛለሽ። ለቀጥታ መስመር የተማርሽው መንገድ ነው፤ እዚያ ሁለት ነጥብም ይበቃ ነበር። እዚህ አይበቃም። ምክሬ ብዙ ቢመስልም ሁሉም ወደ አንድ ነገር ይመጣል፤ መጀመሪያ ቀመሩን አንብቢ፣ ቁጥር ማስገባቱ ይደርሳል።

1. በሠንጠረዥ አትተማመኚ። ኤክስ³ − ኤክስን ውሰጂ። −2 ስታስገቢ −6 ይወጣል፤ −1፣ 0 እና 1 ሦስቱም 0 ይሰጡሻል፤ 2 ደግሞ 6። ነጥቦቹን በማስመሪያ የሚያገናኝ ተማሪ ከ−1 እስከ 1 ድረስ በኤክስ መስመር ላይ የተጋደመ ግራፍ ይሠራል። እውነተኛው ግራፍ ግን ከ−1 ተነስቶ 0.38 ያህል ከፍ ይልና ይመለሳል፣ 0ን አቋርጦ ያንኑ ያህል ይወርድና እንደገና ተነስቶ 1 ላይ መስመሩን ያቋርጣል። ሁለት መታጠፊያዎች በሠንጠረዡ ዓምዶች መሐል ተደብቀው ቀሩ ማለት ነው።

2. ከሁሉ በፊት ጫፎቹን ወስኚ። ኤክስ በጣም ሲርቅ የሚገዛው ትልቁ ፓወር ያለበት ተርም ነው። እስኪ 2ኤክስ³ − 50ኤክስ² + 7ን እዪ። ኤክስ 10 ሲሆን 2ኤክስ³ ከ2,000 አያልፍም፣ 50ኤክስ² ግን 5,000 ነው፤ ስለዚህ ግራፉ ከዜሮ በታች ነው። ኤክስ 100 ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ 2,000,000 ለ500,000። ከዚያ ወዲያ ኪዩቡን የሚያቆመው የለም። ዲግሪው ጎዶሎ ቁጥር ሆኖ የፊተኛው ኮኢፊሸንት ፖዘቲቭ ከሆነ ግራፉ ከግራ ታች መጥቶ በቀኝ ወደ ላይ ይሄዳል። ዲግሪው ተጋማሽ ቁጥር፣ ማለትም 2፣ 4፣ 6 ከሆነ ሁለቱም ጫፎች ወደ ላይ ናቸው። ኮኢፊሸንቱ ኔጌቲቭ ሲሆን ሁሉንም ገልብጪው። ፈተና ላይ አራት ግራፍ ደርድረው ትክክለኛውን ምረጪ ሲሉሽ፣ ጫፎቹን በማየት ብቻ ብዙ ጊዜ ገሚሱን መጣል ትችያለሽ።

3. ፋክተር አድርጊ፤ የመጀመሪያውን ቀመር ግን አትጣዪው። ኤክስ³ − 3ኤክስ + 2 እንዳለ ሲነበብ ጫፎቹን እና የዋይን መስመር 2 ላይ እንደሚያቋርጥ ይነግርሻል። ዜሮዎቹን፣ ማለትም ግራፉ የኤክስን መስመር የሚያገኝባቸውን ቦታዎች ግን አይነግርሽም። እነሱን ለማግኘት የመጨረሻውን ቁጥር፣ የ2ን አካፋዮች ሞክሪ፤ 1፣ −1፣ 2፣ −2። የፊተኛው ኮኢፊሸንት 1 ስለሆነ ሙሉ ቁጥር ወይም ክፍልፋይ የሆነ ዜሮ ካለ ከእነዚህ ውጭ አይሆንም። 1ን ስታስገቢ 1 − 3 + 2 = 0 ይሆናል። በ(ኤክስ − 1) ስታካፍዪው ኤክስ² + ኤክስ − 2 ይቀርሻል፤ እሱም ራሱ ይከፈላል። መጨረሻው (ኤክስ − 1)²(ኤክስ + 2) ነው።

4. እያንዳንዱ ዜሮ ስንት ጊዜ እንደተደገመ ቁጠሪ። ተማሪዎች በብዛት የሚያልፉት ይሄን ነው፣ የግራፉን መልክ የሚወስነውም ይሄ ነው። −2 አንድ ጊዜ ብቻ ስለመጣ ግራፉ እዚያ መስመሩን ያቋርጣል። 1 ሁለት ጊዜ ስለመጣ ግን ነክቶ ይመለሳል፤ ምክንያቱም (ኤክስ − 1)² ከ1 ግራም ሆነ ቀኝ ፖዘቲቭ ነው፣ ምልክት የሚቀይር ነገር የለም። ብዙ መምህራን ይሄን ሲያስረዱ እንደ ኳስ ነጥሮ ይመለሳል ይላሉ። እኔ አልወደውም፤ ኳስ ስትነጥር መንገዷ ሹል ነው፣ ፖሊኖሚያል ግን የትም ቦታ ሹል የለውም፣ ሲታጠፍም ክብ እያለ ነው። ሦስት ጊዜ የተደገመ ዜሮ ቢያጋጥምሽ፣ ግራፉ ያቋርጣል ግን መስመሩ ላይ ትንሽ ተኝቶ ነው የሚያልፈው፤ ኤክስ³ ዜሮ ላይ እንደሚያደርገው።

አሁን ሰብስቢው። ከግራ ታች ይመጣል፣ −2 ላይ ያቋርጣል፣ ወጥቶ ይመለሳል፣ ሲወርድ የዋይን መስመር 2 ላይ ያገኛል፣ 1 ላይ ነክቶ ወደ ላይ ይሄዳል። ከላይ የሚታጠፈው −1 ላይ ነው፣ ቁመቱም 4 ነው። መታጠፊያውን በትክክል የሚያገኙበትን መንገድ ካልኩለስ ስትማሪ ትደርሽበታለሽ፤ ለጊዜው −1ን አስገብተሽ 4 መሆኑን ማየት በቂ ነው። ሠንጠረዥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

5. ዲግሪ የሚነግርሽ ከፍተኛውን ነው። ዲግሪው 3 ከሆነ ዜሮዎቹ ከ3፣ መታጠፊያዎቹም ከ2 አይበልጡም፤ ሊያንሱ ግን ይችላሉ። ኤክስ³ + ኤክስ አንድ ዜሮ ብቻ አለው፣ መታጠፊያ የለውም። ኤክስ⁴ + 1 ጭራሽ መስመሩን አይነካም።

6. ምልክት ስላልተቀየረ ዜሮ የለም አትበይ። ቦልዛኖ የተባለው የፕራግ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1817 ያሳተመው ማረጋገጫ እንደሚለው፣ ያልተቆረጠ ግራፍ በአንድ ቦታ ከመስመሩ በታች፣ በሌላ ቦታ ከላይ ከሆነ መሐል ላይ ማቋረጡ አይቀርም። ይሄን ገልብጠሽ እንዳትወስጂው። 9ኤክስ² − 9ኤክስ + 2 ለ0ም ለ1ም የሚሰጥሽ 2 ነው፤ በመካከላቸው ግን አንድ ሦስተኛ እና ሁለት ሦስተኛ ላይ ሁለት ዜሮዎች አሉት።

7. ጂኦጂብራ ወይም ዴስሞስ የሚባል ግራፍ መሥሪያ ስልክሽ ላይ ካለ ተጠቀሚበት፤ መጀመሪያ ግን በእርሳስ ንደፊ። ኤክስ³ − 100ኤክስን በሁለቱም አቅጣጫ ከ−10 እስከ 10 ብቻ በሚያሳይ መስኮት ብታዪው መሐል ላይ ቁልቁል የወረደ መስመር ጎልቶ ይታይሻል፤ ግራፉ 385 ገደማ ወጥቶ፣ ያን ያህልም ወርዶ እንደሚታጠፍ ምንም ምልክት የለም። ምን መፈለግ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው መስኮቱን የሚያሰፋው።

8. ግራፉ ስለ ምን ነገር እንደሆነ አትርሺ። ርዝመቱ 30፣ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን አለሽ እንበል። ከአራቱ ማዕዘን ጎኑ ኤክስ የሆነ ካሬ ቆርጠሽ ጠርዞቹን ብታጥፊ፣ ክዳን የሌለው ሣጥን ይወጣል፤ ይዘቱም ኤክስ(30 − 2ኤክስ)(20 − 2ኤክስ) ነው። ዜሮዎቹ 0፣ 10 እና 15 ናቸው። በ0 እና በ10 መካከል ግራፉ ወጥቶ ይወርዳል፤ ከፍተኛው ኤክስ 3.9 ገደማ ሲሆን ነው፣ ይዘቱም ወደ 1,056 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ከ10 እስከ 15 ይዘቱ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ያ ስሕተት መሆኑን ማንም ያያል። አደገኛው ከ15 በኋላ ያለው ነው። ግራፉ እንደገና ከመስመሩ በላይ ይወጣል፣ ይዘቱም ትክክለኛ ቁጥር ይመስላል። ኤክስ 20 ቢሆን ቀመሩ 20 × (−10) × (−20) ብሎ 4,000 ይሰጥሻል! ሁለት ኔጌቲቭ ጎኖች ተባዝተው ፖዘቲቭ ሆኑ እንጂ እንዲህ ያለ ሣጥን የለም። ወርዱ 20 ከሆነ ካርቶን ከሁለት በኩል 20 20 መቁረጥ አይቻልም። ቀመሩ ይሄን አያውቅም፤ ማወቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ።

9. ፋክተር አልሆን ሲልሽ ተስፋ አትቁረጪ። የሦስተኛ እና የአራተኛ ዲግሪ መፍቻ ቀመሮች እ.ኤ.አ. በ1545 በጣሊያናዊው ሊቅ በካርዳኖ መጽሐፍ ታትመዋል፤ ለአምስተኛ ዲግሪ ግን ለሁሉም የሚሠራ እንዲህ ያለ ቀመር ሊኖር እንደማይችል የኖርዌዩ አቤል እ.ኤ.አ. በ1824 አረጋግጧል። ያኔም ቢሆን ጫፎቹን ማንበብ፣ ምልክት የሚቀየርበትን ማግኘት፣ ዜሮውን ከሁለት ቁጥሮች መካከል እያጠበቡ መቅረብ ይቻላል።

እስክንገናኝ ይቺን ንደፊልኝ፦ ኤክስ⁴ − 5ኤክስ² + 4። ሠንጠረዥ ሳትሠሪ፣ ስልክም ሳትነኪ። እሑድ ስትመጪ ወረቀቱን ይዘሽልኝ ነይ።